በእግሩ የሚሄድ የሌለበት መንገድ

መንግሥት ለትራፊክ መብራት ገንዘብ መደበ የሚለውን ወሬ ወደ ሰፈሩ ያመጣው ፀጉር አስተካካዩ ነው። አፉ ስለማያርፍ ሰዉ «ሬዲዮ» ይለዋል። የሰፈሩ ጎሚስታ ሱቅ በር ላይ በተጋደመ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ ዜናውን ራሱ ያጸደቀው ይመስል ደረቱን ነፍቶ አወራ።

«የዱሮው ዓይነት መብራት እንዳይመስላችሁ። ብልህ ነው። ካሜራ አለው። እያየ፣ እያመዛዘነ ነው የሚያበራው።»

«አንተን ሲያይማ ይጠፋል» አለ ጎማ ሊያስነፋ የቆመው ባለቦቴ። የውሃ ቦቴ የሚነዳ ግዙፍ ሰው ነው፤ ሲስቅ ትከሻው እንጂ ፊቱ አይስቅም።

ጎሚስታው አልሳቀም። ከጎማው ውስጥ ሚስማር በጉጠት ይዞ እየነቀለ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ እጁ ቆመ።

«ለእኛ መስቀለኛ ይደርሳል?»

«እሱ ነው ነገሩ። ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም አሉ። ከማዘጋጃ ቤት ቆጣሪዎች ይልካሉ። ብዙ መኪና የሚያልፍበት መስቀለኛ ቅድሚያ ያገኛል።»

ጎሚስታው ቀና ብሎ መንገዱን አየ። ሱቁ መስቀለኛው ጥግ ላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የሚያየው እሱኑ ነው። ሰፊ አስፋልት፣ መሐሉ ላይ መቆሚያ እንኳ የሌለው፤ የእግረኛ መሻገሪያው ቀለም ደግሞ ጎማ እየላሰው ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ሆኗል። ባለፈው ዓመት ታላቅ እህቱን ፒክአፕ የገጫት እዚያ ላይ ነው። ጭኗ ውስጥ ብረት ገባ፤ እሷም ከሐኪም ቤት በክራንች ወጣች። የምትሠራው ከመንገዱ ማዶ፣ የሐኪም ቤት አንሶላና ጋውን በሚሰፋበት ወርክሾፕ ነው። ስለዚህ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ፣ የገጫትን መንገድ መልሳ ትሻገራለች።

እናታቸው ስትሞት እሱን ያሳደገችው እሷ ናት። አላገባችም። «አንተን ሳሳድግ ባል ማሳደጊያ ጉልበት አለቀብኝ» ትለዋለች፤ ቀልድ ነው፣ ግን ሲሰማው አንገቱን ይደፋል። ጠዋት ጠዋት መንገዱ ዳር ቆማ መኪናው እስኪሳሳ ስትጠብቅ ከሱቁ ሆኖ ያያታል፤ እስክትሻገር ድረስ የያዘውን መፍቻ አያሽከረክርም። መብራት ቢኖር መኪናው ይቆማል፤ እሷም ትሻገራለች። ከዚህ ሌላ ከመንግሥት የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

«እንዲቆጠር ካስፈለገ እንቆጠራለን» አለ።

የቆጠራው ቀን እንደታወቀ ጎሚስታው ሹፌሮቹን አንድ በአንድ ያዘ። በዚያ መንገድ የሚነዳ ሁሉ ጎማው እሱ እጅ ላይ አልፏልና እምቢ የሚለው አልነበረም። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መስቀለኛውን ያለፈ መኪና በእንጨት ዴፖው ጀርባ ባለው ኮረኮንች ዞሮ ተመልሶ ያልፋል። እንደገና ይዞራል። ጀምበር እስክትጠልቅ እንዲሁ።

ነገሩን ያበላሸው ሬዲዮ ያመጣው ተጨማሪ ዜና ነው።

«ባዶ መኪና አይቆጠርም አሉ።»

«ማን አለ?»

«ተባለ። ሰው ያልጫነ መኪና እንደ ቆመ መኪና ነው የሚታየው።»

ማን እንዳለው የመረመረ የለም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንደሚባለው፣ ሰፈሩ ሙሉ በሙሉ ተሳፈረ። ተማሪው፣ ጡረተኛው፣ የወርክሾፑ ሴቶች በእረፍት ሰዓታቸው፣ ወደ ገበያ የሚሄደው፣ ከገበያ የሚመለሰው፣ ሁሉም ያገኘው መኪና ላይ ወጣ። በአጥር የተነሳ ለዓመታት የተኳረፉ ጎረቤታሞች አንድ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ተቀመጡና፣ በአምስተኛው ዙር ይሁን በስድስተኛው ሰላም ተባባሉ። የጎሚስታው እህት ቦቴው ጋቢና ውስጥ፣ ክራንቿን እንደ ጠመንጃ አቁማ፣ ንግሥት መስላ ዞረች።

«እታለም፣ ተመቸሽ?» አላት በሱቁ ፊት ሲያልፉ።

«እግሬ ከተሰበረ ወዲህ እንዲህ ሮጬ አላውቅም» አለች ከላይ።

ቆጣሪዎቹ ሁለት ልጃገረዶች ነበሩ፤ ጎሚስታው ሱቅ ጥላ ሥር ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ። አንደኛዋ መኪና ትቆጥራለች። መቁጠሪያዋን በአውራ ጣቷ ስትጫነው ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ አላቋረጠም። ሁለተኛዋ እጇን አጣምራ ተቀምጣ ነበር። የእሷ መቁጠሪያ ጭኗ ላይ እንደ ተኛች ጫጩት ዝም ብሏል። ከሰዓት በኋላ ጎሚስታው ውሃ ሲያቀብላት ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ እዚህ ሰው በእግሩ አይሄድም እንዴ?»

ደነገጠ። ነቃችብን አለ በልቡ። መኪና እያዞርን መሆኑን ጠርጥራ ነው የምታወጣጣኝ ብሎ አሰበ። ስለዚህ ሳቅ እያለ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ መለሰላት።

«እዚህማ ማን በእግሩ ይሄዳል፣ ልጄ። ሰዉ ሁሉ ባለመኪና ነው።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀችና ውሃውን ጠጣች።

መስቀለኛው አንደኛ ወጣ። ሬዲዮ ዜናውን ይዞ ሲመጣ ግማሽ ፀጉሩ የተላጨ ደንበኛ ተከትሎት መጣ። ያን ዕለት ማምሻውን ሱቁ በር ላይ ሳቅ ነበር፤ ባለቦቴውም ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አሳየ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ያን ማታ ግን የሚወስድ ውሃ የታየው ሰው አልነበረም።

ከወራት በኋላ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ ሠራተኞች መጥተው ቆፈሩ፣ ብረት አቆሙ፣ አናቱ ላይ ካሜራ ሰቀሉ። ግራጫ ሣጥን ተተክሎ ተቆለፈ። ለእግረኛውም መብራት አለው፤ ቀይ ሲሆን የቆመ ሰውዬ፣ አረንጓዴ ሲሆን እግሩን የሚያወናጭፍ ሰውዬ። ሰውዬው ባለበት ነው የሚራመደው። የትም አይደርስም፣ ግን አይደክመውም። የጎሚስታው እህት መጀመሪያ ስታየው ወደደችው።

መብራቱ ሥራ በጀመረ ማግሥት ጠዋት ከወንድሟ ጋር ወጣች። ቆሙ። መኪናው ያልፋል፣ ያልፋል፣ ያልፋል። ሰልፍ የሚባል ጠፍቷል፤ መብራቱ ገና ከሩቅ ያያቸውና ይከፍትላቸዋል። ሌላ ሰውም አብሯቸው ቆመ፤ እግሩን እያቀያየረ ጠበቀ፤ ታክቶት ሄደ። በመጨረሻ አረንጓዴው ሰውዬ በራ። እህቱ ክራንቿን አስቀደመች፣ እግሯን አስከተለች፣ እንደገና ክራንቿን አነሳች። ከዳር ገና ሳትርቅ ሰውዬው ብልጭ ድርግም አለና ቀልቶ ቆመ። ጥሩምባ ከግራም ከቀኝም ጮኸባት። ጎሚስታው ብብቷን ይዞ ወደኋላ ጎተታት።

ጠርዙ ላይ ቆማ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀችና፣

«ብልህ ነው ብላችሁኝ አልነበር?» አለችው።

«ይስተካከላል፣ እታለም። አዲስ ስለሆነ ነው።»

«አዲስ ጫማም እንዲህ ይላሉ። የሚቆስለው ግን እግሩ ነው።»

አልተስተካከለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎሚስታው ጠዋትና ማታ መፍቻውን ጥሎ እየወጣ፣ እጁን አንስቶ መንገዱ ውስጥ እየገባ መኪና ያስቆምላት ጀመር። የሚያውቁት ሹፌሮች ያዩትና ይቆሙለታል። ነገር ግን መንገዱ ፈጣን መሆኑ ስለተወራ ከሩቅ ሰፈር የሚመጣው መኪና በዝቷል፤ እነሱ ጎሚስታውን አያውቁትም። አንድ ቀን የአንዱ መኪና መስታወት ክርኑን ላጠው። ማታ እህቱ ክርኑን በሞቀ ውሃ እያጠበችለት፣

«ከእንግዲህ ሥራህን ፈትተህ እኔን ስታሻግር ልትኖር ነው?» አለችው። «አሠሪዬም አርፍደሽ መጣሽ እያለች ነው። ብቀርስ?»

«ቀርተሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አንተን አያለሁ።»

ቤት ተቀምጣ ግድግዳ ስታይ በዓይነ ሕሊናው ታየችው። ጨርቅ ሳትነካ የዋለች ቀን ጣቶቿ አልጋ ልብሱ ላይ ብቻቸውን ሲሰፉ አይቷል፤ ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለች። በማግሥቱ ሱቁን ዘግቶ ማዘጋጃ ቤት ሄደ።

ኢንጂነሩ ቁጣ የሌለበት፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ነበር። ወንበር ሰጠው። ጠረጴዛው ላይ ባለው ስክሪን ላይ መስቀለኛው ከላይ ይታያል፤ ጎሚስታው የገዛ ሱቁን ጣሪያ የክብሪት ቀፎ አክላ አያት። እያንዳንዱ መኪና በትንሽ ቢጫ ሣጥን ተከቦ ይንሸራተታል።

«ሰዎቹስ የት አሉ?» አለ።

«ካሜራው ሰው አያይም። ገንዘቡ የተፈቀደው መኪና ለማየት ነው። ለእግረኛ የሚሰጠው ጊዜ በጥናቱ ተሞልቶ የተቀመጠ ነው።» ኢንጂነሩ አንድ ነገር ከፈተና አነበበ። «የእርስዎ መስቀለኛ ላይ እግረኛ የለም። ሕጉ ግድ ስለሚል ብቻ ትንሽ ጊዜ ተሰጥቶታል።»

«እግረኛማ አለ።»

«ቆጣሪዋ አላየችም። የአካባቢው ሰውም በእግሩ አይሄድም ተብሎ ተነግሯታል።»

ጎሚስታው ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። መኪናው እንዴት እንደዞረ፣ ሰዉ እንዴት እንደተሳፈረ፣ ለልጅቷ ማን እንደመለሰላት። ኢንጂነሩ እየሰማ ተነሳና በሩን ዘጋው።

«ባዶ መኪና አይቆጠርም ያላችሁ ማነው?»

«ተባለ።»

«ማንም እንዲህ አላለም።» ተመልሶ ተቀመጠ። «ይስሙኝ። ያሉትን እኔ አልሰማሁም። ሰማሁ ካልኩ ገንዘቡ በሐሰት ቆጠራ ተወሰደ ይባልና መብራቱ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከላል። እናንተም ትጠየቃላችሁ። እኔ ማድረግ የምችለው እግረኛ ብቻ የሚቆጥር ሰው ለአንድ ጠዋት መላክ ነው። እርስዎ ሰዉን ያውጡ፤ ይሻገር። ቁጥሩ ከተገኘ ጊዜውን እጨምራለሁ።»

ጎሚስታው ከዚያ ሲወጣ ደስ ብሎት ነበር። ሰፈሩ ለመኪናው ወጥቷል፤ ለእግሩ እንዴት አይወጣም?

ከሹፌሮቹ ጀመረ። «ምን ቀረብህ፣ ወንድሜ?» አሉት። «ድሮ እዚህ መስቀለኛ ላይ ዕድሜያችን ነበር የሚያልቀው። ዛሬ ሳንቆም ነው የምናልፈው። እግረኛው ጊዜ ሲጨመርለት ከማን ላይ የሚቀነስ ይመስልሃል?» ቀጥሎ ቤት ለቤት ሄደ። ጡረተኞቹ ያንን መንገድ መሻገር ትተዋል፤ ማዶ ያለው ቡና ቤት ቀርቶባቸው ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ተማሪዎቹን እናቶቻቸው በሚኒባስ አዙረው ይልካሉ። የወርክሾፑ ሴቶች ግማሹ በታችኛው ድልድይ ይዞራሉ። ያኔ ለልጅቷ የዋሸው ውሸት፣ ሳያየው፣ እውነት ሆኖ ነበር።

«ትናንት ተሳፈሩ አልከን፤ ዛሬ ውረዱ ትለናለህ» አለው ሬዲዮ፣ ምላጩን በፎጣ እየጠረገ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ብልህ መብራት ያለው ሰፈር ተብለናል፤ ምነው ታዋርደናለህ?»

«እህቴ መሻገር አልቻለችም።»

«እሷን ሁላችንም እንወዳታለን» አለ ሬዲዮ። ዓይኑን ግን ከደንበኛው ማጅራት ላይ አላነሳም።

የእግረኛው ቆጠራ ጠዋት የወጡት ጥቂት ነበሩ። ከወርክሾፑ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ጡረተኛ፣ ድልድዩ የራቀበት ዳቦ አዟሪ። ያቺው ልጅ ያንኑ መቁጠሪያ ይዛ ያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰዎቹ አረንጓዴ ሲበራ ሮጠው ተሻገሩ፣ ተመልሰው ሮጡ። ጡረተኛው ኮፍያው ወደቀበትና ትቶት አለፈ። ልጅቷ ስትጫን ድምፁ እዚህም እዚያም ይሰማል፤ ቀጭ፤ ከዚያ ረጅም ዝምታ።

የጎሚስታው እህት ጠርዙ ላይ ቆማ ታያቸው ነበር።

«ሲሮጡማ ጊዜው በቂ ነው ሊሉ ነው» አለች። «እኔ በምሄድበት መጠን ልሂድ። የሚማር መብራት ከሆነ ከእኔ ይማር።»

«እይዝሻለሁ።»

«አትያዘኝ። ሰው ደግፏት ነው ይላሉ። ብቻዬን ስሄድ ልጅቷ ትየኝ።»

«እታለም፣ ተይ።»

«ስንት ዓመት ተው ስልህ ሰምተኸኝ ታውቃለህ?» አለችና ፈገግ አለች።

አረንጓዴው በራ። ወጣች። ክራንች፣ እግር፣ ክራንች። ልጅቷ ከወንበሯ ተነስታ ትመለከት ነበር። መሐል ሳትደርስ ቀላ። ሰልፉ ተለቀቀ። እሷ ግን አልተመለሰችም፤ ከመሐሉ መስመር ላይ ደርሳ እንደ ችካል ቀጥ ብላ ቆመች፤ ከፊቷም ከኋላዋም ንፋስ ቀሚሷን ያርገበግበዋል።

ጎሚስታው እጁን አንስቶ ገባ፤ አልፏት ማዶው መስመር ላይ ቆመ። ከማዶው መስመር ባለቦቴው እየመጣ ነበር። ወዳጁን ከሩቅ አወቀው። ፍሬኑን ያዘ፤ ቦቴው ተንፍሶ፣ ውሃው ሆዱ ውስጥ ተንቦራጭቆ፣ ከእሷ ፊት ቆመ። ባለቦቴው ከጋቢናው ሆኖ በእጁ እለፊ አላት።

«ነይ፣ እታለም» አለ ጎሚስታው።

መጣች። በቦቴው አፍንጫ ሥር አለፈች። ከቦቴው ጎን ሌላ መስመር አለ፤ በዚያ የሚመጣውን ቦቴው ጋርዶታል። ነጯ መኪና ከሩቅ ሰፈር የምትመጣ ነበረች፤ ሹፌሩ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ቦቴ ቆሞ ሲያይ የተበላሸ መስሎት አለፈው።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ክራንቿ ብቻ አስፋልቱ ላይ እየተንሸራተተ እስከ ሱቁ በር ድረስ ሄደ።

ኢንጂነሩ ለለቅሶ መጣ። ሰዉ አያውቀውምና ቦታ ሲለቁለት ግራ ተጋብቶ ጥግ ተቀመጠ። ነፍስ ይማር አለ። ከዚያ ወደ ጎሚስታው ጠጋ ብሎ በዝቅታ ተናገረ።

«ጊዜው ተጨምሯል። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ።»

«ቆጠራው ደረሰ?»

«ቆጠራውስ አልሞላም ነበር።» ኢንጂነሩ የእጆቹን መዳፎች አየ። «ሰው የሞተበት መስቀለኛ ለብቻው ነው የሚታየው። ቁጥር አይጠየቅበትም። ወዲያው ይፈቀዳል።»

ጎሚስታው ይህን ነገር ቀስ ብሎ እንደ መራራ መድኃኒት ዋጠው።

«ባለፈው ዓመትም እኮ እዚያው ላይ ነው የተገጨችው» አለ። «ያኔስ?»

«ያኔ ተርፋለች» አለ ኢንጂነሩ።

ሳምንቱ ሲያልቅ የወርክሾፑ ሴቶች ዕቃዋን እንዲወስድ ላኩበት። ጎሚስታው ጠርዙ ላይ ቆመ። ሌሎችም አብረውት ቆሙ፤ ጡረተኞቹ፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ ሬዲዮም ጭምር። ማንም አላናገረውም። አረንጓዴው ብዙ ሳያስጠብቅ በራ፤ ሰዉ እየተጫወተ ተሻገረ። ጎሚስታው መጨረሻ ላይ ቀረ። እሷ ትሄድበት በነበረው መጠን፣ እግሩን እየጎተተ ሄደ። በመስመሩ ፊት የቆመው ሹፌር ጥሩምባ ነፋበት።

ማዶ ደርሶ ዞር ሲል አረንጓዴው ሰውዬ ገና ይራመዳል። መኪናው ሁሉ ቆሟል፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም።